እባክህ ቀላ አድርገው

ደብረ ማርቆስ ላይ የጠዋት ብርድ ቶሎ አይለቅም። ከጮቄ ለሚወርደው ነፋስ ነጠላ ምኑም አይደል። የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባው ወረፋ ከባንኩ ደጃፍ ተነሥቶ ሻይ ቤቱ ጥግ ደርሷል፤ ጋቢ የደረቡ አባቶች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ደብተር የያዙ ተማሪዎች። ከፊቴ የነበረችው ልጅ አሥራ ሰባት ቢሆናት ነው። ተራዋ ደርሶ ጣቶቿን አሻራ መቀበያው ላይ አሳረፈች፣ ዓይኗን ለመሣሪያው ሰጠች፣ ከዚያ ለፎቶ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። መዝጋቢው ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረና «ስምሽ ትክክል መሆኑን እዪው» አላት። ስሟን አላየችም።

«ኧረ! ይሄ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«እባክህ ወንድሜ፣ ትንሽ ቀላ አድርገው።»

«ይሄ ፎቶ ቤት መሰለሽ እንዴ እታለም?»

ወረፋው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ስትወጣ ግን ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ነበር። እኔ ተራዬን ጨርሼ ወደ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ስወርድ ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ልጅቷ ቅብጠት አልነበረባትም። ይህች ልጅ ምናልባት ለሦስት ለአራት ዓመት ያልተነካ ፎቶዋን አይታ አታውቅም። ጓደኞቿ የሚያነሡአት በስልክ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ሳትጠይቀው ቆዳ ያለሰልሳል፣ ፊት ያነጣል፣ አገጭ ያሾላል። ለትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ ስትነሣም ፎቶ ቤቱ በበኩሉ ያቀላታል። መንግሥት መታወቂያ ልስጥሽ ብሎ ፊቷን እንዳለ ሲያሳያት ሌላ ሰው መሰላት።

ነገሩን ለመረዳት ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቷል፤ ሥራውን የጀመረው በፊልም ነው። ስሜን አትጥቀሺ ብሎኛል። ከግድግዳው ላይ የተመረቁ፣ የተዳሩ፣ ክርስትና የተነሡ ሰዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም አንድ አባት የወለዳቸው ይመስል አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው፤ እንደ በሰለ ብርቱካን። ኮምፒውተሩ ላይ የአንዲት ተመራቂ ፎቶ ከፍቶ አሳየኝ። በመዳፊቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅ አደረገ። በግንባሯ ላይ የነበረችው ትንሽ ጠባሳ ጠፋች። አንገቷ ነጣ። ከዓይኗ ሥር ያለው ጥላ ጠፋ። ይህን ለማድረግ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

«ሳትጠይቅህ ነው የምታቀላት?»

«ኦርጅናሉን ሰጥቼው ደስ ብሎት የሄደ ሰው አላውቅም። መጀመሪያ እየጠየቅሁ ነበር፤ አሁን መጠየቁን ተውኩት።»

ወንዶችስ አልኩት። ወንዶችም ያስነካሉ አለ፤ ግን አጠያየቃቸው ይለያል። ወንዱ «አጥራልኝ» ነው የሚለው፣ ሴቷ «አቅላኝ»። ይህች የቃል ልዩነት ገረመችኝ፤ እሱ ደግሞ መገረሜ ገረመው። ወንዱ ከፎቶው ብጉርና አቧራ እንዲነሣለት ይፈልጋል። ሴቷ የምትፈልገው የራሷ ቀለም እንዲነሣላት ነው።

እዚህ ላይ ለፎቶ አንሺው መከራከር አለብኝ፤ ጥፋቱ በእሱ አልተጀመረምና። በፊልም ዘመን ያደግን ሰዎች እናስታውሳለን። ማታ በፍላሽ የተነሣ የቤተሰብ ፎቶ ታጥቦ ሲመጣ ቀዩ አጎት ደምቆ ይወጣል፤ ጠይሟ እኅት ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆና ትቀራለች። «አንቺ ፎቶ አይወድሽም» ይባል ነበር። ፎቶ የማይወዳቸው ሴቶች በየቤቱ ነበሩ፤ ፎቶ ሲነሣ ወጥ ልማስል ብለው ወደ ጓዳ የሚገቡ። ፊልሙን የሠራው ማን እንደሆነ፣ ለማን ፊት እንደተመጠነ የጠየቀ አልነበረም። የኮዳክ ኩባንያ የቀለም ፊልሙ በትክክል መታተሙን የሚለካው በአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ፎቶው ያለበት ካርድ የኩባንያው ሠራተኛ በነበረችው በዚህችው ሴት ስም «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር፤ ከእሷ በኋላ የተነሡት ሴቶችም ያው «ሸርሊ» ተባሉ፣ አብዛኞቹም ነጮች ነበሩ። የሸርሊ ቆዳ ካማረ ፊልሙ ደህና ነው ማለት ነው። ኩባንያው ጥቁር ቀለሞችን በደንብ የሚለይ ፊልም እንዲያሻሽል ከወተወቱት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ የቸኮሌታቸውና የወንበራቸው ቀለም በማስታወቂያ ላይ አልለይ ስላላቸው። የእኛ እኅቶች ፊት ለማንም ኩባንያ ደብዳቤ አልጻፈም።

ዛሬ በየኪሱ ያለው ስልክ ያን ስሕተት አርሜአለሁ ብሎ የተሸጠ ነው። ቴክኖ አፍሪካ ውስጥ ስም ያገኘው ካሜራዬ ጠቆር ያለ ፊት በደንብ ያነሣል እያለ ነው፤ እውነትም ያነሣል። ግን ጠይም ፊት በደንብ እንዲታይ ብርሃን በመጨመርና ፊቱን ራሱ በማቅላት መካከል ያለው ድንበር ቀጭን ነው። ገበያው ድንበሩን ከተሻገረ ቆይቷል።

*

በዚህ ጉዳይ ላይ ስንጽፍ አንድ የለመድነው ስብከት አለ፦ ድሮ ሴቶቻችን በተፈጥሯቸው ይኮሩ ነበር፣ ቴሌቪዥን መጥቶ አበላሸን። አያቴን ስለማውቃት ይህን መጻፍ አልችልም።

አያቴ ሉማሜ አካባቢ ነው የተወለደችው። አንገቷ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት ነበራት፣ እንደ ድሪ የተደረደረ፤ ግንባሯ ላይ ደግሞ መስቀል። ድዷም የተወጋ ነው፤ ስትስቅ ጥርሷ ከጠቆረው ድድ ላይ በረዶ መስሎ ይወጣል። ስትነቀስ ስምንት ዓመቷ እንደነበር ነግራኛለች። ሁለት ሴቶች እጇን ይዘው፣ ሦስተኛዋ በመርፌ እየወጋች ጥላሸትና የቅጠል ጭማቂ ቀባቻት። አንገቷ አብጦ ሳምንት ሙሉ ቀና ማለት አልቻለችም።

«እምቢ ብትይስ ኖሮ?» ብዬ ጠይቄአት ነበር።

«እምቢ ይባላል እንዴ ልጄ? ያልተነቀሰች ልጅ ማን ያጫታል?»

ይህ ማስታወቂያ ነው፤ ቢልቦርድ አልነበረውም እንጂ። የጎረቤት አፍ፣ የገበያ ዓይን፣ የአማት ምርጫ ነበረው። ሳዱላዋን የተላጨች ልጅ ጠጉሯ ራሱ ገና አላገባሁም ብሎ ይናገርላታል። ከዚሁ ከማርቆስ አቅራቢያ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ፍቅር ነው ይባላል፤ እኔ ባነበብኩት ቁጥር የምታየኝ ግን ሰብለ ወንጌል ናት፣ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚመጥናት ባል አጣሁ እያሉ የማግቢያ ዕድሜዋን ያሳለፉባት። ዋጋዋን የሚተምነው ሌላ ሰው ነው፤ እሷ የምታውቀው የተተመነውን ነው።

ስለ ቀለምም ራሳችንን አናታልል። ጠይም በዘፈናችን ይወደሳል፣ እሰየው። ነገር ግን ሙሽራ ለመምረጥ የሄዱ ሽማግሌዎች ተመልሰው ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ቀይ ናት» ነው፤ ጥቁር ከሆነች «ጥቁር ናት፣ ግን ደም ግባት አላት» ይባላል። ይህች «ግን» ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ያውቃል። ባርነት በነበረበት አገር ጥቁረት የስድብ ቃል ሆኖ ቆይቷል፤ ባርነትን የሻረው አዋጅ ባሪያውን ነፃ አወጣ፣ ቃሉ ግን በየሰፈሩ ቀረ። የፊት ማቅያ ክሬም ከውጭ ሲመጣ ታርሶ የለሰለሰ ማሳ ነው የጠበቀው።

የእናቴና የአክስቴ ዘመን ደግሞ ሌላ ነው። ማርቆስ ገብተው ትምህርት ሲጀምሩ በገጠር ያስከበራቸው ንቅሳት በከተማ ባላገር አሰኛቸው። አክስቴ ለምርቃቷ ቀን የአንገቷን ንቅሳት ለማጥፋት ምን እንደቀባች እስከ ዛሬ አትናገርም፤ ጠባሳው ግን ከንቅሳቱ ይበልጥ ይታያል። አሁን ቴሌቪዥን ላይ የባህል ዘፈን ክሊፕ ሲታይ ወጣት ተወዛዋዦች አንገታቸው ላይ በኩል የተሣለ ንቅሳት አድርገው ይወጣሉ፤ ቀረጻው ሲያልቅ ይታጠባል። አክስቴ ያን ስታይ ጣቢያውን ትቀይራለች።

*

ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌቪዥን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ለብዙ ጎጃሜ ግን ለረጅም ጊዜ ወሬው ብቻ ነበር የደረሰው። በ2008 ዓ.ም. በተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ የአገሪቱ ሴቶች 74 በመቶዎቹ በሳምንት አንዴ እንኳ ጋዜጣ አያነቡም፣ ሬዲዮ አይሰሙም፣ ቴሌቪዥንም አያዩም ነበር። ለወንዶቹ ቁጥሩ 62 ነበር። እንግዲህ ይህን ሁሉ ስለ ሚዲያ ማውራት ስለ ጥቂት የከተማ ልጆች ማውራት ነው ሊባል ይችላል። አይመስለኝም። ምስሉ ወደ አነደድና ወደ ማቻከል የሚሄደው በአንቴና ላይሆን ይችላል፤ በሠርግ ባነር፣ በውበት ሳሎን ግድግዳ፣ ከቤይሩትና ከጅዳ በተመለሰች እኅት ሻንጣ ይሄዳል።

በዚያው በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭት ጀመረ። የቱርክ፣ የሕንድና የላቲን አሜሪካ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ሲመጡ አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ሥራችን ተወሰደ፣ ባህል ጠፋ አሉ፤ ተመልካቹ ግን ማታ ማታ «ጥቁር ፍቅር»ን ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። ያኔ ከክርክሩ የጎደለብኝ አንድ ነገር ነበር። የውጭ ፊልም በግርጌ ጽሑፍ ስናይ ፊቱም ድምፁም የሌላ ሰው ነው። በቃና ግን ከዚያች ዓይነ ሰማያዊ ሴት አፍ የሚወጣው የእኅታችን ድምፅ ነው፣ በእኛ አነጋገር እየተቆጣ፣ በእኛ አነጋገር እያለቀሰ። አማርኛ ለመናገር እንዲህ ያለ ፊት የሚያስፈልግ እስኪመስል ድረስ።

ምስል ብቻውን ይህን ያህል ኃይል አለው ወይ ለሚል ሰው የፊጂ ደሴቶችን ታሪክ እነግረዋለሁ። እዚያ ወፈር ያለ ሰውነት የጤናና የጥሩ አያያዝ ምልክት ነበር፤ እኛ ዘንድ «ተመችቶሻል» እንደምንለው። ቴሌቪዥን ናድሮጋ በተባለው አውራጃ የገባው በአውሮፓውያኑ 1995 ነው። አን ቤከር የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ ልጃገረዶቹን ቴሌቪዥን እንደገባና ከሦስት ዓመት በኋላ ጠየቀቻቸው። መጀመሪያ ላይ ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም፤ በ1998 ግን 11.3 በመቶ ሆኑ። 74 በመቶዎቹ ቢያንስ አንዳንድ ጊዜ ራሳቸውን ወፍራም ነኝ ብለው እንደሚያስቡ ተናገሩ። ሦስት ዓመት!

ሕጉን በአጭሩ ልለፈው፣ ብዙ የሚባልበት ስለሌለ። የ2004ቱ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 የሰውን ክብርና የጾታ እኩልነት የሚነካ ማስታወቂያ ይከለክላል። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ሰሌዳ አወረደ፤ ከቢራው ጠርሙስ ጋር እየተሽከረከረች የምትሥቀዋ ሴትም አብራ ወረደች። የመጀመሪያው አዋጅ ሲጻፍ ቲክቶክ አልተወለደም ነበር። ኖርዌይ ከአውሮፓውያኑ 2022 ጀምሮ ሰውነት የተለወጠበት የማስታወቂያ ፎቶ ምልክት እንዲደረግበት ታስገድዳለች። ማርቆስ ላይ ያ ሕግ ቢኖር ከፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ምልክት የማይለጠፍበት ፎቶ አይተርፍም ነበር።

*

ክሬሙ ግን ሊታለፍ አይችልም።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ወደ አንዲት የኮስሞቲክስ ሱቅ ጎራ አልኩ። የቆመችው ወጣት ናት፣ ፊቷ ብርቱካን፣ የጣቶቿ አንጓ ግን ጥቁር። የፊት ቅባት ፈልጌ ነበር አልኳት።

«የሚያጠራውን ነው የሚያቀላውን?»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

«የሚያጠራው ቀስ ይላል። የሚያቀላው በሁለት ሳምንት ነው። ሠርግ አለብሽ እንዴ?»

ከመደርደሪያው ያወረደችልኝ ቱቦ ላይ ክሎቤታሶል የሚል ተጽፏል። ይህ መድኃኒት ነው፤ ሐኪም ለከባድ የቆዳ ቁጣ ለጥቂት ቀን የሚያዘው ኃይለኛ ስቴሮይድ። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሮቹን ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል፤ ሲያቆሙት ደግሞ ፊቱ ይነድዳል። ስለዚህ አያቆሙትም። ሃይድሮኪዊኖን ያለባቸውም አሉ፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ይቀላል የተባለው ቆዳ ተመልሶ ሰማያዊ የቀላቀለ ጥቁረት ያወጣል። ከሁሉም የከፋው ሜርኩሪ ነው፦ ቆዳ ቀለም እንዳይሠራ ያግዳል፣ ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ስለ ሜርኩሪ የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት በመዋቢያ ቅባት ውስጥ እንዳይኖር ከልክሏል፤ የተከለከለ ዕቃ ግን በከለከሉት አይቀርም። በዚህ ላይ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ብርዱ ያታልላል እንጂ የደጋ ፀሐይ ያቃጥላል፤ የሳሳ ቆዳ ይዞ እህል ሊያሰጣ ወይም ልብስ ሊያጥብ የወጣ ሰው ያንን ፀሐይ በባዶ ሥጋው ነው የሚቀበለው።

የአጎቴ ልጅ ከሠርጓ በፊት ሦስት ወር ቀባች። በሠርጓ ፎቶ ላይ በእርግጥ ቀይ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ሳትወልድ ሁለቱ ጉንጮቿ ላይ ማድያት ወጣ፣ እንደ ካርታ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ተማከረ። ዓይን ነው ተባለ፤ በሠርጓ ቀን ሰው በልቷት ነው። ጠበል ተወሰደች። ክሬሙን የጠራው ማንም አልነበረም፤ እሷ ራሷ አላነሣችውም፣ እኔ ቆሜ እያየኋት ቱቦውን ከቦርሳዋ አውጥታ ከመኝታዋ ሥር ስትሸጉጥ እንኳ። እኔም ዝም አልኩ። ዛሬ ድረስ ለምን ዝም እንዳልኩ አላውቅም።

ሕንድ ውስጥ በአውሮፓውያኑ 1975 ገበያ ላይ የዋለው «ፌር ኤንድ ለቭሊ» የተባለ የፊት ማቅያ ክሬም በ2020 ስሙን «ግሎው ኤንድ ለቭሊ» ብሎ ቀየረ፤ ነጭ ማለት አሳፋሪ ሆኖ ሲገኝ አብሪ ተባለ። የእኛዋ ሻጭ ከኩባንያው ትፈጥናለች፤ «የሚያጠራ» የሚል ቃል ቀድማ አላት።

*

ሬዲዮ ላይ ሌላ ነገር ተሞክሮ ነበር፣ እዚሁ አገር ውስጥ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የሚባል ድራማ በ257 ክፍል ተላልፏል፤ አዘጋጆቹ ከአድማጮች ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ደርሶናል ብለዋል። በሚያዝያ 2005 ደግሞ «የኛ» መጣ፦ በአምስት ልጃገረዶች ሕይወት ዙሪያ የሚሽከረከር የሬዲዮ ድራማና ሙዚቃ፣ አዲስ አበባ በሸገር፣ እዚህ በአማራ ሬዲዮ። ልጃገረዶቹ ስለ መጠናናት ብቻ አይዘፍኑም ነበር፤ ስለ ትምህርት፣ ያለ ዕድሜ ስለ መዳር፣ ስለ ጓደኝነት ያወራሉ። የማርቆስ ሴት ተማሪዎች ዘፈኖቹን በቃላቸው ይዘዋቸው እንደነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ገንዘቡ ከብሪታንያ መንግሥት ነበር። የለንደን ጋዜጦች «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» ብለው ተሳለቁባቸው፣ የግብር ከፋይ ገንዘብ ባከነ ተባለ፣ በ2009 ዓ.ም. ድጋፉ ተቋረጠ። «የኛ» ኋላ በቴሌቪዥን ድራማ ተመለሰች። የሚያናድደኝ ያ የለንደኖቹ ስያሜ ነው። አምስት ጎበዝ ልጆች ስለ ራሳቸው ሲያወሩ እንኳ የሩቁ አገር ጋዜጣ ሊያያቸው የቻለው የእሱ ዘፋኞች ቅጂ አድርጎ ነው።

ከሬዲዮ የወደድኩት አንድ ነገር አለ፦ ፊት የለውም። አድማጯ ጀግናዋን የምትስላት በራሷ እኅት፣ በራሷ ጎረቤት ነው። ፌስቡክ ለራሱ ያስጠናው፣ በአውሮፓውያኑ 2021 አፈትልኮ የወጣው ጥናት እንዳሳየው 32 በመቶ የሚሆኑ ታዳጊ ሴቶች ሰውነታቸው አላምር ሲላቸው ኢንስታግራም ያባብስባቸዋል። በሬዲዮ እንዲህ ያለ ነገር ለማድረግ እጅግ መድከም ያስፈልጋል።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ ማርቆስ ለወራት ያለ ቲክቶክ ቆየች። ጦርነት ነበር፤ መንገድ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሰው ይሞታል። ያንን ጊዜ ለፊት ዕረፍት ነበር ብሎ የሚጽፍ ሰው ልብ የለውም። ሹሩባ የምትሠራ አንዲት ሴት የነገረችኝን ግን ልጨምር። ከዚያ በፊት ደንበኞቿ ስልካቸውን ከፍተው «እንዲህ ሥሪኝ» ይሏት ነበር፤ ፎቶው ውስጥ ያለችው ሴት ግንባሯም ጠጉሯም ከእነሱ ጋር አይገናኝም። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ደንበኛዋ ካስክ ሥር ወደ ተቀመጠችው ሴት እየጠቆመች «እንደ እሷ» ማለት ጀመረች።

«ሥራው ቀሎኝ ነበር» አለችኝ። «እንደ ሰው መሥራት ይቻላል። እንደ ፎቶ ነው የማይቻለው።» ወዲያው ደግሞ፣ የድሮዎቹን ፎቶዎች በብሉቱዝ የሚቀባበሉ እንደነበሩ ነገረችኝ።

ከሳምንታት በኋላ ያችን የወረፋ ልጅ ማተሚያ ቤት አገኘኋት። መልክ ቶሎ አይጠፋብኝም፤ እሷ አላወቀችኝም። ፋይዳዋን በፕላስቲክ ካርድ ልታሳትም ነው የመጣችው። አታሚው ፋይሉን ሲከፍት ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች።

«ፎቶውን ብቻ መቀየር አይቻልም? ስልኬ ላይ ጥሩ አለኝ።»

«አይቻልም እኅቴ፣ የመንግሥት ነው።»

«ትንሽ ብርሃን እንኳ?»

ራሱን ነቀነቀ። ማሽኑ ካርዱን እየሞቀ አወጣው። ብሯን ከፈለች፣ ካርዱን ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጋ ከስልኳ ሽፋን ሥር ከተተችው፣ ስልኩን አብርታ መልኳን አየችበትና ወጣች።